በገናሽ ላይ የለጠፍናት ጆሮ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ባለቤቴ፣ ለባንቺአየሁ፤

ካንቺ ከተለየሁ ወዲህ ይህ ሁለተኛው ዐቢይ ጾም ነው። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍሁት ብትጠይቂኝ እምብዛም የምነግርሽ የለኝም፤ ሰዎች ብላ ሲሉኝ እየበላሁ፣ ተኛ ሲሉኝ እየተኛሁ ፋሲካ ደረሰ። የዘንድሮው ግን ላንቺ የሚነገር ወሬ ይዞ ስለመጣ ብዕሬን አነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለባለጉዳዩ ማመልከቻ፣ ለተማሪው ትምህርት፣ ለአንባቢውም መጽሐፍ ስጽፍ የኖርሁ ሰው፣ ላንቺ አንድም ደብዳቤ ጽፌ እንደማላውቅ የተገለጠልኝ ወረቀቱን ከዘረጋሁ በኋላ ነው። ከአንድ ጣራ ሥር አብራው ለምትውል ሚስት ማን ደብዳቤ ይጽፋል? እነሆ አሁን ጣራችን ተለያየና ልማዱን በስተርጅና መጀመር ግድ ሆነብኝ።

አስቀድሜ የቤታችንን ወሬ ላድርስሽ። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። «ቆርቆሮ መልኩ ያምራል እንጂ ዝናም ሲመጣ ሰው ያደነቁራል» ስትይ የነበረው ሐሰት አልነበረም፤ ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰው ጊዜ ከውጭ ያለው ውሃ ዝም ብሎ ሲተኛ፣ ከላይ የሚወርደው ግን የራሴን ሐሳብ እንኳ እንዳልሰማ ከለከለኝ። ቡሬ ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃይቱም እንደ እናቷ ጯኺ ናት። ጎረቤታችን አንጓች ዛሬም ከአጥሩ ማዶ ሆና ነው የምታናግረኝ፤ በበር የመግባትን ጥበብ በዚህ ዕድሜዋ የምትማር አይመስለኝም። ወጥ ስትሠራ ግን የእኔን ድርሻ ሳትለይ አታድርም፤ ሳህኑም የሚመጣው በዚያው በአጥሩ ላይ ነው። ወረታም አድጋለች፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና በዝቶ፣ በመንገዱ ዳር ሱቅና ሻይ ቤት ተደርድሯል። አንቺ የምታውቂያት ጸጥ ያለች ከተማ ካለችበት ፈቀቅ ብላ ከጓሮ ቀርታለች።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ስለ በገናሽ ነው።

አባትሽ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገናቸውን ላንቺ ሲያወርሱ ዘመዶችሽ እንዳጉረመረሙ ነግረሽኝ ነበር። ወንድሞችሽ ግን ዜማና ቅኔ ፍለጋ ወጥተው በየደብሩ ቀርተው ነበርና ከእሳቸው እግር ሥር የቀረሽው አንቺ ነበርሽ። ያስተማሩሽም ቅኝት በሌላ ስፍራ አልተሰማም፤ ከጣራ ገዳም የመጡ አንድ አዛውንት መነኩሴ አንድ ቀን ከቤታችን አርፈው ሲሰሙሽ፣ «ይህንን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክትጨርሺ ቆሙ። ያን ዕለት ደስ ብሎሽ ውለሽ፣ ማታውን ግን ተከፋሽ። ምን ነካሽ ብልሽ፣ «እሳቸው እንኳ የሚያስታውሱት በልጅነታቸው ነው፤ እኔ ስሄድ ማን ያስታውሰዋል?» አልሽኝ።

ልጃችን ጥሩወርቅ ጀምራው ነበር፤ ጣቷም የሚታዘዝ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐሙሲት ተድራ ሄደች፤ ልጅ በልጅ ላይ ተደራረበባት፤ በገናም ትዳርና ሕፃን ከያዙት እጅ ጋር አይስማማምና ተወችው። አንቺም ቂም አልያዝሽባትም፤ «ጊዜዋ ሲደርስ ትመለስበታለች» ትይ ነበር። የደረሰው ግን የሷ ጊዜ ሳይሆን ያንቺ ሕመም ነበር። የግራ እጅሽ የጣት አንጓዎች በየዓመቱ ያብጡ ጀመር። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ነውና፣ ሕመሙ ቦታ መርጦ የገባ መሰለን። ጥሩወርቅን በቃል ብቻ ልታስተምሪያት ሞክረሽ፣ «ይህቺን ዝቅ፣ ያችን ከፍ» ስትያት እሷም ስትደናገር፣ በመጨረሻ ሁለታችሁም በሳቅ ብትተዉትም ያንቺ ሳቅ ከሆድሽ አልነበረም።

የድሮ ተማሪዬ ያንን ቴፕ ሪከርደር ከአዲስ አበባ የላከልኝ በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ጎማ የሚመስሉ ነገሮች ከላይ ሲሽከረከሩ፣ ቀጭኑም ክር ካንዱ ወደ ሌላው ሲጠቀለል ስታዪ፣ «ይህስ ፈታይ ነው፤ ጥጡ የት አለ?» ብለሽ አሳቅሽኝ። እኔ ግን ከሳጥኑ ስከፍተው ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቶችሽ ፈጽሞ ሳይታሰሩ የበገናሽን ድምፅ መያዝ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺዋለሽ። አብሮ የመጣውን ማይክሮፎን በበርጩማ ላይ አቁሜ፣ አንቺም የአባትሽን የንስሐ መዝሙር ጀመርሽ። ድምፅሽ ሲያምር! እኔም ልቤ ሞልቶ ክሩ ሲዞር አያለሁ። ከመካከሉ ላይ ስትደርሺ ግን ከአጥሩ ማዶ፣ «ባንቺአየሁ! ኧረ ባንቺአየሁ! ወንፊት አውሺኝ! ሰምተሽኛል? ወንፊት!» የሚል መጣ። ቡሬም ከበረት መለሰችላት። አንቺ ከጸሎትሽ አልወጣሽም፤ እስከ መጨረሻው ደርሰሽ፣ በገናውን አስቀምጠሽ፣ ከዚያ በኋላ፣ «ጸሎቴን በወንፊት ነፋችው» አልሽ። ክሩን መልሰን ብንሰማው ከሁሉ አጥርቶ የተሰማው የአንጓች ድምፅ ነበር። የበገናው አውታር ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ተድበስብሷል።

እንድትደግሚው ለመንሁሽ። ያን ጊዜ ያልሽኝን እስከ ዛሬ እየደጋገምሁ ለሰው እነግራለሁ። «ለምን ብዬ?» አልሽኝ። እንሞክረው ብዬ ነው አልሁሽ። «አንቱ ደግሞ! እግዜርን፣ 'ቆይ፣ ገና እየሞከርን ነው' ልበለው? ጸሎት ለሙከራ አይሆንም። መሣሪያዎን ያበጁና ያን ጊዜ አንዴ እጸልያለሁ።» በዚህ ቃልሽ ጸናሽ። እኔም የንስሐ አባታችን እንዲያግባቡሽ ብሄድ፣ ከአንቺ ጎን ቆመው መለሱኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክርና መሣሪያውን ይዤ ጎንደር ወጣሁ። ራዲዮ የሚጠግነው ደስታ የሚባለው ሰው ሱቅ ገብቼ አሰማሁት። ሰምቶ ሲያበቃ መፍቻውን አንሥቶ መሣሪያዬን ይፈታታ ጀመር። ምነው ስለው፣ «መምህር፣ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ፤ የውስጡ ክፍል ላልቷል» አለኝ። የላላ ነገር እንደሌለ፣ ያ ድምፅ ከአውታሮቹ ሥር ከምትገባው እንዚራ ከተባለችው ቁራጭ ቆዳ እንደሚመጣ፣ በገናም ያለ እሷ በገና እንዳልሆነ አስረዳሁት። «እንግዲያ ደህና ነገሩኝ፤ ዝዝዝ የሚለውን ሁሉ ባጠፋ ኖሮ ጸሎታችሁንም አብሬ አጠፋው ነበር» ብሎ ሳቀና ከጠረጴዛው ሥር ዕቃውን አወጣ።

ሦስት ነገር ነበር የዘረጋልኝ። አንዱ የብረት እግር ያለው ትልቅ ማይክሮፎን፤ ሁለተኛው ከአሮጌ ቴሌፎን የወጣ፣ እንጨት ላይ የሚለጠፍ ክብ ነገር፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሸክላ ማጫወቻ ላይ የተወሰደ፣ መርፌው የሚሰካበት ራስ፣ በትንሽ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የታሸገ። ትልቁን ማይክሮፎን አነሣ። «ይህ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ ሚስትዎንም፣ ላምዎንም፣ ያችን ወንፊት የምትፈልገውንም ሴት። እነዚህ ሁለቱ ግን አየር የሚያመጣውን አይሰሙም፤ የነኩትን እንጨት ብቻ ነው የሚሰሙ።» ውሻ ቢጮኽስ ብዬ ጠየቅሁት። «በገናውን ካልነከሰው በቀር አይሰማም!» አለኝ። ከዚያም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ከተለጣፊዎቹ የትኛው እንደሚሻል ግን እንደማያውቅ፣ እስከዚያ ቀን የሠራው ለክራር ብቻ እንደነበር፣ የበገናን ነገር ባለቤቲቱ ትወቀው ብሎ ሁለቱንም አስይዞ ሰደደኝ። እኔም ትልቁን ትቼ ተለጣፊዎቹን በመሐረብ ቋጥሬ ተመለስሁ።

ስታያቸው፣ «እነዚህ ጆሮዎች ናቸው» አልሽ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልነበራቸውም። የቴሌፎኑ ትልቋ ጆሮ፣ የሸክላው ትንሿ ጆሮ። በምን እናጣብቃቸው የሚለው ግን ራሱን የቻለ ክርክር ሆነ። ሙጫም ሆነ ሚስማር በበገናዬ ላይ ዓይኔ አያይም አልሽ። እኔ የጧፍ ቁራጭ ሳመጣ ደግሞ ከእጄ ነጥቀሽ፣ «የመቅደስ መብራት ለመሣሪያ ማጣበቂያ?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። በመጨረሻ አንጓች ከቀፎዋ ጥሬ ሰም በአጥሩ ላይ አቀበለችን፤ ስለ ወንፊቱም ካሣ መሆኑን ነገረችን።

ባንቺአየሁ፣ የዚያን ሰሞን ማለዳዎች እንዴት አድርጌ ልግለጽልሽ? ከብቱ ወደ ሜዳው ከወጣ በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል፣ አንቺ በገናሽን በግራ ጎንሽ አስደግፈሽ ትቀመጫለሽ፤ እኔ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቼ፣ ሰሙን በመዳፌ እያሸሁ እዞርሻለሁ። መጀመሪያ ትንሿን ጆሮ ከበገናው ሆድ ቆዳ ላይ ለጠፍናት። አውታር ስትነኪ ማዳመጫው ነጋሪት ሆነ። ላንቺም አሰማሁሽና፣ «ይህስ ሆዱ የተነፋ በሬ ነው፤ ያውርዷት» አልሽ። ከላይ አውታሮቹ ወደሚታሰሩበት ቀንበር ወሰድናት፤ እዚያ ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ የመቃኛዎቹ ጭርጭርታ ብቻ ቀረ። የመጋቢት ፀሐይ ሲበረታ ሰሙ ይላላና ጆሮዋ ቁልቁል ትንሸራተታለች፤ እንደገና ማጣበቅ ነው። ሙቀቱ አውታሮቹንም ያላላቸው ነበርና፣ ቦታ በለወጥን ቁጥር አንቺ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትቃኛለሽ።

መዝሙር አልዘምርም ስላልሽ፣ ለመሞከሪያ የነበረኝ ይኸው መቃኘትሽ ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ስትነኪ፣ ስታጠብቂ፣ ስታላዪ፣ አባትሽ እንዳስተማሩሽ ከአፍሽ እያወጣሽ፣ «አውራ ጣት፤ ገና ናት። ትንሽ... አሁን ደህና። ሌባ ጣት፤ ከአውራ ጣት በታች ትቀመጥ፣ አትኩራ» እያልሽ። በመካከሉም እኔን ትነካኪኛለሽ፤ «አንቱ፣ ያቺን ነገር ደፍተው ሲታዩ የጋሪ ፈረስ ይመስላሉ» እያልሽ። ያ ሁሉ በክሩ ላይ ይገባ ነበር፤ እኔም ለልኬት ብቻ የሚያገለግል መስሎኝ ሌላ ዋጋ አልሰጠሁትም። አንዳንዱን ለማነጻጸር ብዬ በአሮጌው ማይክሮፎን፣ አንዳንዱን በትልቋ፣ አንዳንዱን በትንሿ ጆሮ ያዝሁት።

ትልቋ ጆሮ ከብዳ የእንጨቱን ድምፅ ታፍነው ነበር፤ «ጉንፋን የያዘው ዲያቆን» አልሻት። ትንሿን ከገበቴው፣ ማለትም ቆዳ ከለበሰው ከበገናው ሆድ፣ በጎኑ ባለው እንጨት ላይ፣ አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ ባሳረፍናት ጊዜ ግን ማዳመጫውን አውልቄ ባንቺ ራስ ላይ ደፋሁት። እያንዳንዱ አውታር ለብቻው ቆሞ ይሰማ ነበር። የእንዚራዋም ድምፅ ንብ በአበባ ላይ እንደምታደርገው፣ ከአውታሩ ሳይለይ አብሮት ይጓዝ ነበር። ማዳመጫውን ከጆሮሽ ሳታወርጂ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆየሽና፣ «አባቴ በዚህ በኩል ነበር የሚሰማ፤ አገጩን ከእንጨቱ ላይ አድርጎ» አልሽ። ምርጫችን በዚህ ተቈረጠ።

ጣቶችሽ ግን ያን ጊዜ በመቃኘቱ ደክመው አብጠው ነበር። ወንዛዬ ሄድን። ፍል ውሃው ውስጥ እጅሽን ዘፍዝፈሽ ከሴቶቹ ጋር ስትጫወቺ ከሩቅ አይሽ ነበር፤ ስንመለስ ጣትሽን አጥፈሽ ዘርግተሽ፣ «ለጥቂት ቀን ተበድሬያለሁ» አልሽኝ። በማግስቱ ማለዳ አንጓች ከደጃችን ቁጭ ብላ ዶሮውን፣ ውሻውን፣ አላፊ አግዳሚውንም ስታባርር፣ አንቺ ቃልሽን ጠብቀሽ አንዴ ጸለይሽ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትደረድሪ አልሰማሁም።

ክሩን መልሰን ስንሰማው ግን እኔ ደነገጥሁ። አውታሮቹ ሁሉ እንደ ብርሌ ጠርተዋል። ቃሉ ግን የለም። ድምፅሽ በሰውነትሽ አልፎ ወደ እንጨቱ ስለገባ፣ ጆሮዋ የያዘችው እንጉርጉሮውን ብቻ ነበር፤ ዜማው ይወጣል ይወርዳል እንጂ የምትይው አይለይም። ደብተራና መጽሐፍ ለቃል ብለው ያሳደጉት ሰው ነኝና አዘንሁ፤ ቃል የሌለው ጸሎት ምን ይባላል ብዬ ተከራከርሁሽ። ቀኑን ሙሉ ተከራከርን። «ቃሉን አንቱ ያውቁት የለም ወይ?» አልሽኝ። አውቀዋለሁ። «ጣቴ የሚሄድበትን መንገድስ ያውቁታል?» አላውቀውም። «እንግዲያ አንቱ ቃሉን ይያዙ፤ ጆሮዋ ጣቴን ትያዝልኝ።» እኔ እስከ መኝታ ሰዓት አልተረታሁም ነበር፤ በማይክሮፎን የሚቀረጽ ሌላ ጸሎት እንደምታክይልኝ ተስፋ ነበረኝ። የተበደርሽው ቀን ግን አለቀ፤ እጅሽ ዳግመኛ አልተዘረጋም።

የመሞከሪያዎቹን ክሮች ግን፣ «ያንን ማንቋረር ያጥፉት፣ ሰው ይስቅብናል» ብለሽ አዘዝሽኝ። ላጠፋውም አሰብሁ። ነገር ግን የባትሪው ድንጋይ አለቀ፤ ከጎንደር አስመጣለሁ ስል ክረምት ገባ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ፤ ከዚያም ያንቺ ሕመም ወደ ሌላ ዞረና የማጥፋቱ ነገር ከሁለታችንም ልብ ወጣ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አመስግኛለሁ። ባልታሰበ ቀን ያለቀን የባትሪ ድንጋይ ግን የማመሰግን መሆኔን አላውቅም ነበር።

አሁን የዘንድሮውን ልንገርሽ።

ጥሩወርቅ ለጾሙ መግቢያ መጣች። ትንሹም ልጅ ጡት ጥሏል፤ ባልዋም፣ መልካም ሰው ነውና፣ «ሂጂና የእናትሽን ነገር ፈጽሚ» ብሎ ሰደዳት። በገናሽን ከማኅደሩ አውጥታ አቧራውን ጠርጋ ተቀመጠች። ከልጅነቷ በምታስታውሰው ቃኘችው፤ አልሆነም። ያንቺን ጸሎት ከክሩ ከፍተን ሰማን። አውታሮቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ እሷ ግን በበገናው ላይ ልታገኛቸው አልቻለችም፤ ቅኝቱ ከሥሩ ካልተያዘ ጣት ብቻውን የትም አይደርስምና። አንድ ሳምንት ታገለች። በሁለተኛው ሳምንት በገናውን የምታነሣበት ጊዜ አነሰ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በገናውን ወደ ማኅደሩ መልሳ፣ ገመዱን አሥራ አገኘኋት። «አባባ፣ ይቅር» አለችኝ። «ለቤተ ክርስቲያኑ እንስጠውና ቢያንስ በክብር ይቀመጥ። እኔ እኮ ያበላሸሁት ይመስለኛል እንጂ ያቃናሁት አይመስለኝም።»

በውስጤ ያ የመነኩሴው ቃል መጣብኝ፤ ይህ ቤት የመጨረሻው ሆነ ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ለማጽናናት ያህል፣ ቢያንስ እናትሽ እኔን ስትሰድብ ስሚና ሳቂ ብዬ ከሣጥኑ ሥር የመሞከሪያዎቹን ክሮች አወጣሁ። የጋሪ ፈረስ ያልሽኝን ላሰማት ነበር ሐሳቤ።

ድምፅሽ ወጣ። «አውራ ጣት፤ ገና ናት...» አውታሩ ድው አለ። «ትንሽ... አሁን ደህና።» ጥሩወርቅ እጇን አነሣችብኝ፤ አይንኩት ለማለት። «ሌባ ጣት፤ ከአውራ ጣት በታች ትቀመጥ፣ አትኩራ።» ልጅሽ ከመሣሪያው ፊት በርከክ ብላ፣ «እሺ እማዬ» አለች። ለማሽኑ እንዳልተናገረች፣ ላንቺ እንደተናገረች አየሁ፤ እኔም ወደ ደጅ ወጣሁ።

ስመለስ የማኅደሩ ገመድ ተፈትቶ ነበር።

ባንቺአየሁ፣ ያ የጠላሁት የሰሙ መላላት፣ ያ የመጋቢት ሙቀት፣ ያ ጆሮዋ ከቆዳው ወደ ቀንበሩ፣ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው መንከራተቷ፣ ለካ ቅኝቱን ደግመሽ ደጋግመሽ እንድታስተምሪን ነበር። በማይክሮፎኑ የተያዘው ቃልሽን ይሰጣታል፤ የትኛው ጣት፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል። በትንሿ ጆሮ የተያዘው ደግሞ አውታሩ ራሱ ምን እንደሚል ይነግራታል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል። ለጸሎትሽ ብለሽ ከጸሎት በከለከልሽኝ ጊዜ፣ አንዲት መዝሙር ብቻ ያገኛሉ ብለሽ የነፈግሽኝ መስሎኝ ነበር። መዝሙሮቹ ሁሉ የሚወጡበትን ምንጭ ነው የተውሽልን። እሺ ብለሽኝ ሦስት አራት ጊዜ ብትዘምሪልኝ ኖሮ፣ እኔ እየሰማሁ የማለቅስበት ብዙ ክር ይኖረኝ ነበር፤ ልጅሽ ግን ዛሬ በገና አትደረድርም ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ቅኝቱን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ነው ያችን አንዲት ጸሎትሽን ዳግም የከፈትሁላት፤ ጣትሽንም እርምጃ በእርምጃ ተከተለችው። በአንድ ቦታ ላይ አንቺ የማታደርጊውን ታደርጋለች፤ ጣቷ ከማረፊያው አውታር ላይ ቶሎ ትነሣለች። ላርማት አልደፈርሁም፤ የሷ ይሁን ብዬ ተውሁት። ልክ አለመሆኔን ካወቅሽ በሕልሜ ነይና ተቆጪኝ።

ቃሉ ግን የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጥሩወርቅ ስትደረድር፣ እኔ በተሰበረው ድምፄ ቃሉን ጀመርሁ። በሕይወቴ ከመቃብር ፊትና ከተማሪ ፊት በቀር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ከአጥሩ ማዶ፣ «ጥሩወርቅ! አባትሽን ምን አደረግሻቸው?» የሚል መጣ። ጥሩወርቅ ከአውታሩ ላይ እጇን ሳታነሣ ሳቀች፤ እኔ ግን ከጸሎት አልወጣሁም፤ ካንቺ ተምሬያለሁና። ስንጨርስ አንጓች በበር ገባች። አዎን፣ በበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከደፉ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «የሷ ነው። ልክ የሷ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «መምህር፣ እስቲ ያንን ወንፊት የምለውንም ያሰሙኝ» አለችኝ። አሰማናት። በዚያ ክር ላይ፣ ከእሷ ጩኸት በፊትም በኋላም፣ የጸሎትሽ ቃል ሳይጎድል አለ። ሦስታችንም የአንጓችን ጩኸት ስንጠብቅ አንቺን ሰማን።

ትናንት ጥሩወርቅ ወደ ሐሙሲት ተመለሰች። በገናውን በጋቢ ጠቅልዬ በመኪናው ላይ አስጫንሁላት። ቴፕ ሪከርደሩንና ትንሿን ጆሮም አብሬ ልሰጣት ብሞክር፣ ጆሮዋን ከመሐረቡ አውጥታ በመዳፏ ላይ ጥቂት አየቻትና ከመሣሪያው ጋር መለሰችልኝ። «አሁን የሚሰማኝ ሰው አለ፤ እርስዎ እሑድ እሑድ ይምጡልኝ» አለችኝ። «እነሆ ለሽማግሌ አባትሽ የተሰጠ ቀጠሮ» ብያት ተቀበልሁ።

ውድ ባለቤቴ፣ አልረሳሽም ብዬ ብጽፍልሽ ቃሉ ቀላል ነው፤ ሐዘንተኛ ሁሉ ይለዋል። እኔ የምገባልሽ ሌላ ነው። ጾም በመጣ ቁጥር፣ እግሬ እስካነሣኝ ድረስ፣ በየሰንበቱ ወደ ሐሙሲት እሄዳለሁ፤ ልጅሽ ጣትሽን ይዛ ትጠብቀኛለች፣ እኔም ቃሉን ይዤላት እደርሳለሁ። በመንገድም ቃሉ እንዳይጠፋኝ እየደገምሁት ነው የምሄደው። በፎገራ ሜዳ መካከል በሚያልፈው መኪና ውስጥ፣ ከመስኮቱ ዳር፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብቻውን የሚያጉረመርም ሽማግሌ ተሳፋሪዎቹ ቢያዩ፣ አርጅቶ ነው ይሉ ይሆናል። ይበሉ። አንቺ ግን ወዴት እንደምሄድ ታውቂያለሽ።

እግዚአብሔር ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ።

ሁልጊዜም አመስጋኝሽ የሆነው፣
ባለቤትሽ
ከወረታ